ለወፍ 3 ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ለልጄ 3 ደቂቃ አልታገስም፤ ችግሩ ካሜራው ነው ወይስ እኔ?

ሰላም ለሁላችሁ። በትርፍ ሰዓቴ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ 6 ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ባለሙያ አይደለሁም፣ አንድም ሰው ከፍሎኝ አያውቅም፣ ባብዛኛው የማነሳው ወፍ ነው፣ ከቀናኝ ደሞ አልፎ አልፎ ቀበሮ ወይ ጥንቸል። ያለኝ ክሮፕ ሴንሰር (ምስል መቀበያው አነስ ያለ) ካሜራ ከ150-600 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ነው፣ ከካሜራው ጋር አብራ የመጣች 18-55 የምትባል ትንሽ ሌንስም አለች፣ ቤት ውስጥ የምጠቀመው እሷን ነው። ልጄ 8 ዓመት ሊሞላት ስለሆነ ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ የልጅቷን ፎቶዎች አሳትመን አልበም እናድርግላት አለችኝና በደስታ ሃርድ ዲስኩን ከፈትኩ። የሽመላ ፎልደር ብቻውን 11 ሺህ ምናምን ፎቶ አለው። የልጄ ፎልደር 900 አይሞላም፣ ከነዛ ውስጥ ሰው ፊት ይቀርባሉ ብዬ የለየኋቸው 14 ናቸው። አስራ አራት! የቀሩት ወይ እጇ ተንቀሳቅሶ ደብዝዟል፣ ወይ ጨልሟል፣ ወይ ደሞ ያቺ የማልወዳት ፈገግታ አለችበት፣ ጥርስ ብቻ የሚታይባት፣ አይኗ ግን ጨረስክ ወይ የሚል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ ለወፍም ለቤተሰብም የሚሆን አንድ ሌንስ አለ ወይ? ሁለተኛ ልጄ ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ስትጨፍር ውላ ካሜራ ሳነሳ ድርቅ የምትለው ለምንድነው? እኔ እንደሚመስለኝ አውሬ ማንሳት የለመደ ሰው ቤተሰብ ማንሳት አይሆንለትም፣ ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

ኤዲት፦ ክሩ (ይሄ ውይይት) ካሰብኩት በላይ ረዝሞ 31 መልስ ደርሷል፣ መሃል ላይም ትንሽ ጠብ ነበረበት፣ አሁን አሁን የሚገቡት ሰዎች ደሞ ከላይ የተመለሰውን እንደገና እየጠየቁ ስለሆነ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ እዚሁ ላስቀምጥላችሁ። ያላስደሰተኝንም አልዘለልኩም፣ እዚህም እዚያም የራሴን ነገር ጣል ማድረጌ አይቀርም፣ ይቅርታ።

1ኛው ሰላምታውን አብዝቶ እሱም እንደኔ እንደሆነ ነገረኝ፣ እንዲያውም የሱ ይባስ፣ ሁለተኛ ልጁ ከተወለደ ወዲህ በካሜራ ያነሳው አንድ ፎቶ የለውም፣ ያለው ሁሉ በስልክ ነው። 2ኛዋ ሴቲንጉን ጠየቀችኝ ሰጠኋት፦ 55 ሚሊሜትር፣ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 5.6፣ ሹተር (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ፣ ቦታው ሳሎን፣ ሰዓቱ ወደ ማታ። 3ኛው ወዲያው ከች ብሎ ጥፋቱ ሹተሩ ነው አለ። ቆሞ ለሚነሳ ሰው 1/125 ይበቃል፣ ለሚሯሯጥ ልጅ ግን ቢያንስ 1/500 ካልሆነ እጅና እግር ይደበዝዛል፣ ለሚበር ወፍ 1/2000 የማደርግ ሰውዬ ልጄ ጋ ስደርስ ምን እንደነካኝ አልገባውም። እኔ ሌንሱ ላይ ስታቢላይዘር አለ ብዬ ተከራከርኩ፣ እሱ ግን ስታቢላይዘር የሚያረጋጋው ያንተን እጅ ነው እንጂ ልጅቷን አይደለም ብሎ አፌን አስያዘኝ። እውነቱን ነው። ይሄን ወፍ ላይ አውቀዋለሁ እኮ፣ ቤት ስገባ ነው የምረሳው።

4ኛው በጣም ትሁት ሰው ነው፣ 3ኛውን አመስግኖ ሲያበቃ አረመው። ሳሎን ውስጥ ማታ በ5.6 ላይ ሹተሩን 1/500 ብታደርገው አይኤስኦው ሰማይ ይወጣል፣ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ብርሃን ነው የሚፈለገው። ከ5.6 ወደ 1.8 የሚወርድ ሌንስ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፣ እሱ ከሌለ ልጅቷን መስኮት አጠገብ ማጫወት፣ መስኮትም ከሌለ ፍላሹን ፊቷ ላይ ሳይሆን ወደ ኮርኒሱ አዙሮ ማብራት። አይኤስኦን ፈርቶ ፎቶውን አጨልሞ አንስቶ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማብራት ደሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፣ ጫጫታው (ያ አሸዋ መሰሉ ነገር) ይብሳል እንጂ አይቀንስም አለ። 5ኛው 1.8 የሚለውን ሲያይ ሳቀ መሰለኝ፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ 1.8 ላይ ከ1 ሜትር ርቀት ስታነሳ ጥርት የሚለው ቦታ ከ4 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ አይን ሲጠራ ጆሮ ይጠፋል። መንታ ልጆቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ እንደዛ አነሳቸው፣ አንደኛዋ ትንሽ ወደ ኋላ ብላ ስለነበር ፊቷ ጭጋግ ሆነ፣ አያትየው ፎቶውን ሳሎናቸው ሰቅለው እስከዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይሄ አባት አንዷን አብልጦ እንደሚወድ ያወራሉ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። 6ኛዋ ስትገባ ነው ነገሩ የተቀየረው። ሰውዬው ስለ ሰው ጠየቀ እናንተ ስለ ብርጭቆ (ሌንስ ማለቷ ነው) ትመልሳላችሁ ብላ ጀመረች፣ ቀጥላ ወደኔ ዞረች። ለሽመላ 40 ሜትር ላይ ቁጭ ትላለህ፣ ትንፋሽህን ትውጣለህ፣ ቀለሙ የማይጮህ ልብስ ትለብሳለህ፣ እስክትለምድህ ድረስ ካሜራህን ቀና አታደርግም፣ ልጅህ ጋ ስትመጣ ግን ከጨዋታዋ አስነስተህ 1 ሜትር ላይ ቆመህ ጥቁር ነገር ፊቷ ላይ ደቅነህ ሳቂ ትላታለህ። ሽመላዋን እንደዛ ብታደርጋት ምን ይኖርህ ነበር? እያንዳንዱ እንስሳ ሰው ሲቀርበው የሚሸሽበት ርቀት አለው፣ ልጅህ መሸሽ ስለማትችል ነው ድርቅ የምትለው አለችኝ። ትንሽ አመመኝ፣ አልዋሽም። ምክሯ ግን ቀላል ነበር፣ ካሜራውን ከቦርሳ አውጥቼ ሳምንቱን ሙሉ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ እንድተወው፣ ሳላነሳ ይዤው እንድቀመጥ፣ አንዳንዴም የቤት ዕቃ አንስቼ እንድተወው፣ ልጅቷ ካሜራውን እንደ ወንበር እስክታየው።

7ኛው መልስ የአንድ አዛውንት ነው፣ ዕድሜያቸውን አልጻፉም ግን በፊልም ዘመን 36 ፎቶ ብቻ በሚይዝ ጥቅልል ያደጉ ናቸው። 6ኛዋ ልክ ናት ብለው የልጅ ልጃቸውን ያነሱበትን ቀን ጻፉ፣ እኔ ከክሩ ሁሉ ይሄን ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። ልጁ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ የጫማ ክር ለማሰር ይታገላል፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎታል፣ አንዱን ክር ቀለበት ሠርቶ ይይዝና ሁለተኛውን ሲያዞር የመጀመሪያው ይፈታበታል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይጀምራል። እሳቸው እንደ ልጁ ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኝተዋል፣ የመስኮቱ ብርሃን በአንድ በኩል ጉንጩንና ጣቶቹን ነክቷል፣ ሹተሩ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ሦስት ጊዜ ሲፈታበት አላነሱም። በአራተኛው ሲያዝለት ልጁ ቀና ብሎ እሳቸውን አላየም፣ ጫማውን ነው ያየው፣ እንደ ሌላ ሰው ሥራ። ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ። ጥቅልሉ ውስጥ የቀራቸው ሁለት ፎቶ ነበር።

ከዛ እሳቸው ራሳቸው ነገሩን ወደ ታሪክ ወሰዱት። ሪቻርድ እና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ ወንድማማቾች በ1892 እ.ኤ.አ. የወፍ ጎጆ ከነእንቁላሉ ፎቶ አንስተው ነበር፣ በኋላም ወፎቹ እንዳይሸሹ በቆዳ የተሸፈነ ባዶ በሬ አሠርተው ሆዱ ውስጥ ገብተው ያነሱ ነበር። በሬ ውስጥ ገብቶ ወፍ የሚጠብቅ ሰው ባለበት ዓለም አንተ ለልጅህ ወለል ላይ መተኛት አቃተህ ወይ የሚል ነገር በጨዋነት ጣል አደረጉ። የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ ከመሬት እንደሚነሱ በፎቶ የታየው በ1887 ነው ብለውም ጨመሩ፣ እዚህ ላይ 8ኛው ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሎ አረማቸው። ኤድዋርድ ማይብሪጅ ፈረሱን ያነሳው በ1878 ነው፣ 1887 ትልቁን የእንስሳትና የሰው እንቅስቃሴ ስብስብ ያወጣበት ዓመት ነው፣ ደሞ ሰዓሊዎች እንደሚስሉት ፈረሱ እግሮቹን ዘርግቶ አይደለም የሚንሳፈፈው፣ አራቱም ሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው። አዛውንቱ ተቀበሉ፣ አመሰገኑ። እንደዚህ መታረምን ከኢንተርኔት ላይ አይቼ አላውቅም።

9ኛው ካሜራ ልግዛ የቱን ልግዛ ብሎ ገባ፣ 10ኛው ራስህ ክር ክፈት ብሎ አባረረው፣ አለፈ። 11ኛው ግን አዲስ ነገር አመጣ፣ ስልክ እያለ ለቤተሰብ ካሜራ ማውጣት ከንቱ ድካም ነው፣ ልጆች ስልክ ስለለመዱ አይደነግጡም። እውነት አለው። ወዲያው ግን ወፉንም በስልክ አነሳለሁ ብሎ ነገሩን አበላሸው፣ 12ኛው የስልክ ዙም ካለችው ሌንስ ካለፈ በኋላ ያለውን ምስል መቁረጥና መለጠጥ ነው እንጂ መቅረብ አይደለም፣ እንደዛ የተነሳ ወፍ በውሃ ቀለም የተሳለ ነው የሚመስለው ብሎ ተሳለቀበት። 11ኛውም አልሰነፈም፣ ክሮፕ ሴንሰር ያላችሁ ሰዎችስ 300ው ሌንስ 450 ሆነልን ብላችሁ የምትኮሩት ያው መቁረጥ አይደል ወይ አለው። እዚህ ጋ ልክ ነው! ሌንሱ 300 ነበር 300 ነው፣ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ጠርዙን ይቆርጣል፣ በ1.5 የተባዛው የሚታየው ስፋት ነው። ሁለቱ ከዛ በኋላ ስድስት ሰባት መልስ ያህል በግል ሲነታረኩ እንደነበር ሰማሁ፣ እዚህ አላመጡትም እግዜር ይስጣቸው።

13ኛዋ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። እሷ የምታነሳው የምትነሳ ወፍ ነው፣ ማለቴ ከቅርንጫፍ ልትበር ስትል ያለችውን ቅጽበት። ሚስጥሩ ፈጣን ጣት አይደለም፣ ወፏ ቀድማ ትናገራለች ትላለች። ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞራለች፣ አንድ ክንፏንና በዛው በኩል ያለውን እግሯን አንድ ላይ ትዘረጋለች፣ ዝቅ ትላለች፣ ብዙ ጊዜም ኩሷን ትጥላለች። ኩስ ሲወርድ ያየ ሰው ጣቱን ሹተሩ ላይ ያድርግ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ አይቆይም። ልጆችም እንደዛው ናቸው፣ የእውነት ሳቅ ሊመጣ ሲል ልጁ መጀመሪያ አየር ይስባል፣ ትከሻው ከፍ ይላል፣ ያኔ ነው መጫን፣ ሳቁ ከወጣ በኋላ የሚቀርህ ጅራቱ ነው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ልጄን እራት ላይ አየኋት፣ ካሜራ ሳልይዝ፣ እውነትም ትከሻዋ ይነሳል። 8 ዓመት ስኖር አላየሁትም፣ ሽመላዋ ግን መቼ አንገቷን እንደምታጥፍ አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ትንሽ ያሳፍራል። 14ኛው ቀለል አድርጎ እኔ ሁሉንም በማባበል ነው የማነሳው አለ፣ ለልጅ ከረሜላ፣ ለወፍ ጥሬ፣ ለጉጉት ደሞ አይጥ። አይጥ ማለቱ ነው ክሩን ያነደደው። 15ኛው እሳት ጎርሶ መጣ፣ ጉጉትን በአይጥ ማስለመድ ሰው ያለበትን ቦታ ምግብ ያለበት አድርጋ እንድታስብ ያደርጋታል፣ መንገድ ዳር ትለምዳለች፣ መኪና ይገጫታል፣ ያንተ ፎቶ ላይክ ሲሰበስብ እሷ ትሞታለች፣ አንተ ፎቶ አንሺ ሳይሆን አሳ አጥማጅ ነህ። 16ኛው ለ14ኛው ጠበቃ ሆኖ ጓሮ ውስጥ ለወፎች ጥሬ መበተንና ለጉጉት አይጥ መወርወር አንድ አይደሉም፣ ሁሉንም በአንድ ከረጢት አትክተቱ አለ፣ ይሄ ለኔ ሚዛናዊ ነበር። 17ኛዋ ደሞ ከሁሉም የከፋውን አነሳች፣ ጎጆ ፊት ያለውን ቅጠልና ቅርንጫፍ ቆርጠው የሚያነሱ ሰዎችን። ቅጠሉ እኮ ለጫጩቶቹ ጥላም መደበቂያም ነው፣ ፎቶው ቆንጆ ሲሆን ጫጩቶቹን ወይ ፀሐይ ያከስላቸዋል ወይ ጭልፊት ያያቸዋል።

15ኛው ተመልሶ መጥቶ በ18ኛው መልስ የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺ የሚባለውን ትልቁን ውድድር አስታወሰ። በ2009 እ.ኤ.አ. አንደኛ የወጣው የአጥር በር ላይ ሲዘል የተነሳ ተኩላ ነበር፣ በ2010 መጀመሪያ ላይ ዳኞቹ ተኩላው ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሽልማቱን ነጠቁ፣ አንሺው አልተቀበለውም። በ2018 ደሞ ምስጥ ኩይሳ ሥር የታየ ጉንዳን በል እንስሳ፣ የሞተና ቆዳው ተሞልቶ የቆመ ነው ብለው አዘጋጆቹ ስላመኑ ከውድድሩ ወጣ፣ ያኛውም አንሺ አላመነም። 15ኛው ይሄን ካለ በኋላ ወደኛ ዞረና የተደረደረ ቤተሰብ፣ ተመሳሳይ ልብስ፣ በአንድ ሁለት ሦስት የሚወጣ ፈገግታ፣ ይሄ ከለማዳው ተኩላ በምን ይለያል ብሎ ጠየቀ።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ያጨበጭባል ብዬ ነበር፣ እኔም ላጨበጭብ ነበር። 19ኛዋ ግን ቆይ እስኪ አለች። እናቷ ከሞቱ በኋላ የሚፈለገው ፎቶ ያ የተደረደረው ነበር። ሳይታወቅባቸው የተነሱት ቆንጆዎቹ ፎቶዎች ውስጥ እናትየው ወይ ጎንበስ ብለዋል ወይ ግማሽ ፊታቸው ነው፣ የቆሙበትና ቀጥ ብለው ካሜራውን ያዩበት ፎቶ ውስጥ ግን ማን አጠገብ እንደቆሙ፣ ቁመታቸው ከማን ትከሻ እንደሚደርስ፣ ያን ቀን እነማን እንደመጡ ይታያል። ተኩላው የተሸለመው ዱር ነኝ ስላለ ነው፣ ቤተሰብ ግን ሳልደረደር ነው የተነሳሁት ብሎ አይዋሽም፣ ያስታውቃል። በዚህ እሷ አሸነፈችኝ። እዛው ላይ ጠቃሚ ነገር ሰጠች፣ ብዙ ሰው ሲሆን አፐርቸሩን ወደ 8 ዝጉ፣ ሁሉንም አይናችሁን ጨፍኑ በሏቸውና ሦስት ሲባል ክፈቱ በሏቸው፣ ወዲያው አንሱ፣ የሚያርገበግብ አይን ይቀንሳል። ሦስት አራት ጊዜ አከታትሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንስቶ ጨርሰናል የሚል ሰው አትመኑ።

20ኛው የሚጠቅም ነገር ይዞ መጣ ግን በቁጣ። እዚህ ስንት ሰው ብርቅ ወፍ ጎጆ ሲያገኝ ቦታውን አልናገርም ይላል፣ ሰው እንዳይግተለተል፣ እንቁላል እንዳይሰረቅ፣ ጥሩ፣ ከዛ ዞር ብሎ የልጁን ፎቶ ግቢው ውስጥ አንስቶ ከነዩኒፎርሙ ይለጥፋል። ስልክ ሎኬሽን ከበራ ፋይሉ ውስጥ የተነሳበትን ቦታ ቁጥሩን ሳይቀር ይጽፈዋል፣ አንዳንድ ድረ ገጽ ሲጫን ያጠፋዋል አንዳንዱ አያጠፋውም፣ ኦርጅናሉን ፋይል በቀጥታ ስትልክ ደሞ አብሮ ይሄዳል። ለወፍ የምታደርገውን ጥንቃቄ ለልጅህ አድርግ። 21ኛዋ እናት ናት፣ ከዚህም አልፋ ልጅ ፈቃድ መስጠት ስለማይችል ጭራሽ መለጠፍ የለበትም አለች። 22ኛው አካብደሽዋል፣ በልጅሽ ፎቶ ማን ምን ያደርጋል ብሎ ቀለደ፣ እሷም መልሳ ለማሰብ የተቸገረ ሰው መልስ አያስፈልገውም ዓይነት ነገር ጻፈች፣ እሱ ደሞ የማይነገር ቃል ጨመረ። 23ኛው አድሚኑ ነው፣ ሁለቱን ኮሜንት አጠፋ፣ ክሩን እንደሚዘጋው አስጠነቀቀ። እኔ በዚህ ላይ 20ኛው ትክክል ነው ብዬ ነው የማምነው፣ 21ኛዋን ግን ትንሽ አብሰልስያታለሁ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ከዛ እንደተለመደው ከርዕስ ወጣን። 24ኛው የ4 ዓመት ፎቶ ያለበት ሃርድ ዲስክ ከጠረጴዛ ወድቆ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እያሰማ እንደሞተበት ተረከ፣ ወፎቹ አላሳዘኑትም፣ ነገ ሄዶ ሌላ ወፍ ያነሳል፣ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ የሄደበት ግን አይመለስም። 25ኛው ሁሌ የሚባለውን ሕግ ነገረው፣ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጪ። ለሞተ ሰው መድኃኒት ማዘዝ ነው ግን ለሌሎቻችን ይጠቅማል፣ እኔ ራሴ ያኔውኑ ተነስቼ ሁለተኛ ቅጂ አደረግሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲገለብጥ አደረ፣ ለ11 ሺህ ሽመላ ብላችሁ እወቁ። 26ኛው ደሞ ዝም ብሎ አንድ ነገር ጻፈ፣ 9 ዓመት ቤተሰቡን ሲያነሳ እሱ ያለበትን ፎቶ ፈልጎ ያገኘው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ላይ ያለው ጥላው ነው፣ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከኋላው ስትመታ ሣሩ ላይ የተዘረጋ ረጅም ጥላ ክርኑን ከፍ አድርጎ፣ ካሜራ እንደያዘ ያስታውቃል። ማንም ምንም አልመለሰለትም፣ ላይኩ ግን ከሁሉም በላይ ነው።

27ኛዋ የመጀመሪያ ጥያቄዬን ማንም እንዳልመለሰ ያስተዋለች ብቸኛ ሰው ናት። አንድ ሌንስ የሚባል ነገር የለም አለች ቁርጥ አድርጋ። 70-300 ደጅ ላይ ለሁለቱም ይሞክራል፣ ልጆች ሜዳ ሲሮጡም የማይፈራ ወፍም ያነሳል፣ ቤት ውስጥ ግን ጠባብም ነው ጨለማም ነው። ስለዚህ ትልቁን አትንካው፣ 18-55ቷን አስቀምጣትና 35 ሚሊሜትር 1.8 የሆነች ትንሽ ሌንስ ጨምር፣ ክሮፕ ላይ ስፋቷ ለሳሎን ልክ ነው፣ ትንሽ ስለሆነችም ልጅ አታስደነግጥም። ድምፅ አልባውን ሹተር ቤት ውስጥ በፍጥነት ስትጠቀም ግን ከአንዳንድ አምፖል ጋር ተጋጭቶ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል፣ የሚበር ወፍ ክንፍም ያጣምማል፣ ጠንቀቅ በል። ነጭ ሽመላን ጨለማ ውሃ ላይ ስታነሳ ብርሃኑን አንድ ስቶፕ (በግማሽ) ቀንሰህ ነጩ እንዳይቃጠል እንደምትጠብቀው ነጭ ቀሚስ ላይም አድርገው ብላ ጨረሰች። ምንም ትርፍ ቃል የለባትም፣ ታዝዣለሁ።

28ኛው እንደገና አዛውንቱ ናቸው። ጆርጅ ሺራስ የሚባል ጠበቃ የነበረ አዳኝ ጠመንጃውን ትቶ ካሜራ አነሳ፣ በሌሊት ጫካ ውስጥ ገመድ ወጥሮ አጋዘኗ ገመዱን ስትነካው ፍላሹም ሹተሩም አንድ ላይ እንዲሠሩ ያደርግ ነበር፣ ናሽናል ጂኦግራፊክ በሐምሌ 1906 እ.ኤ.አ. ፎቶዎቹን አወጣለት። ነገሩ የገባቸው በኋላ ነው አሉ፣ አጋዘኗ ራሷን ነው ያነሳችው፣ እናንተስ ገመዱን ለልጆቻችሁ ለምን አትሰጡም? ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁመህ ሹተሩን ለልጅቷ ስጣት፣ አለዚያም ጠቅላላ ካሜራውን ስጣት ይውደቅባት ብለው። ይውደቅባት የሚለው ላይ ትንሽ ደነገጥኩ፣ ሰማሁ ግን።

29ኛው የ600 ሌንሱ ቀትር ላይ ሁሉንም አደብዝዞ ስለሚያነሳ ሊመልሰው እንደሆነ ጻፈ፣ ለምን እዚህ እንደጻፈው አላውቅም፣ 30ኛው ግን ሌንሱ ጤነኛ ነው፣ ከሞቀ መሬት የሚነሳው አየር ነው የሚያንቀጠቅጠው፣ ጠዋት ማልደህ ወይ ቀርበህ ሞክር ብሎ ከኪሳራ አዳነው። 31ኛው አዲስ ሰው ነው፣ ይሄ ሁሉ ከተባለ በኋላ የልጅህ ፎቶ የታለ፣ ውጤቱን አሳየን እንጂ አለኝ።

ጥሩ። ካሜራው 9 ቀን ጠረጴዛው ላይ ከረመ። በ6ኛው ቀን አካባቢ ልጄ ማየቱን ተወችው፣ በ8ኛው ቀን ሶፋው ሥር ተጋድማ በእርሳስ ወረቀት ስትወጋ እኔም ተጋደምኩ፣ ፀጉሯ በከፊል አይኗ ላይ ወርዶ በአፏ እፍ እያለች ወደ ላይ ታነሳዋለች ይመለሳል፣ እፍ ትላለች ይመለሳል። 40 ምናምን አነሳሁ፣ ሦስቱን ባለቤቴ ለአልበሙ ወስዳለች። ይሄን ክር ሳሳያትና አንዷን ልለጥፍ ወይ ብዬ ልጄን ስጠይቃት ግን አይሆንም አለች፣ ፀጉሬ ተበጥሯል እንዴ አለችኝ። ስለዚህ እሷ የለችም፣ 31ኛው ይቅርታ። ካሜራውን ተቀብላ እሷ ያነሳችውን የዳክዬ ፎቶ ግን እንድለጥፍ ፈቅዳለች፣ እንዲያውም ካልለጠፍክ ብላኛለች። ከታች አያይዤዋለሁ፣ ዳክዬዋ በጅራት በኩል ናት፣ ትንሽ ተንቀሳቅሷል፣ ሹተሩ 1/60 ላይ ነበር፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው።